ከልጃችን ጋር እኛንም ላገዙን የሥነ ልቦና ባለሙያ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው፤ ለመጠቆምም ጭምር። በአደራ ቤተሰብ የቆየ፣ ከፍ ያለ ልጅ በጉዲፈቻ የምታሳድጉ ወይም ለማሳደግ ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ሰው ፈልጉ፦ ልጁን ብቻ ሳይሆን እናንተንም የሚያይ የሥነ ልቦና ባለሙያ። እኛ አግኝተናል። ዛሬ በቤታችን ሰላም ካለ የእኚህ ሴት እጅ አለበት።

ስማቸውን በአደባባይ አልጽፍም። የልጄ ታሪክ የልጄ ነው፤ የሳቸው ስም ሲጠራ የእሱም ጉዳይ አብሮ ይወጣል። በግል ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ እነግራለሁ። እዚህ የማካፍለው አሠራራቸውን ነው። አሠራሩን ካወቃችሁ እንዲህ ያለ ሰው ባላችሁበት መለየት አያቅታችሁም።

ልጃችን ወደ እኛ ሲመጣ 9 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት ከአንድ ቤት በላይ አይቷል። መጀመሪያ ላይ የሚገርም ጨዋ ልጅ ነበር። ሳይነገረው ሳህን ያነሳል፣ ሳይለመን ይተኛል። ያየው ሁሉ «ታድላችሁ» አለን። ከዚያ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። በር ወርውሮ ይዘጋል፣ ፊት ለፊት ይዋሻል፣ ምግብ ፍራሽ ስር ይደብቃል። ቁጣው ደግሞ በእኔ ይብሳል። ከአባቱ ጋር ይስቃል፤ እኔ ስጠጋው ፊቱን ያዞራል።

«እስካሁን እንግዳ ነበር» አሉን ባለሙያዋ። «እንግዳ ይጠነቀቃል። አሁን ግን እዚህ ልቀር እችላለሁ ብሎ ማሰብ ጀምሯል፤ ማሰቡ ራሱ ያስፈራዋል። የምትመልሱኝ ከሆነ ዛሬውኑ ይለይልኝ እያለ ነው።» በእኔ ላይ ለምን እንደሚብስም አስረዱን። መጀመሪያ ያጣው እናቱን ነው። በእናት ቦታ የምትቆም ሴት ሁሉ ነገ የምትሄድ ትመስለዋለች። ስለዚህ ሳትተወኝ ልተዋት ይላል። ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ። ልጁ ክፉ አልነበረም።

ምግብ መደበቁን ሌብነት አትበሉት አሉን። መራብን የሚያውቅ ልጅ ነገን ማመን ይቸግረዋል። በእጁ የሚደርስበት ቅርጫት ተዘጋጀለት። ቀንም ሌሊትም የራሱ ነው፤ ሲጎድል ይሞላል፤ ለምን በላህ የሚለው የለም። የፍራሹ ስር ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ።

ሲያጠፋ ወደ ክፍሉ መስደድም ቀረ። ለብዙ ልጅ ቀላል ቅጣት ነው። ተደጋግሞ ለተተወ ልጅ ግን ሌላ መተው ነው። አሁን እስኪረጋጋ አጠገቡ እንቀመጣለን። የሰበረውን በኋላ አብረን እንጠግናለን፤ ጥፋቱ በዝምታ አይታለፍም። ልጁ በቁመቱ የ9 ዓመት ቢሆንም በስሜቱ የ3 ዓመት የሚሆንበት ሰዓት እንዳለም ነገሩን። እውነት ነው። ሲመሽ መታቀፍ፣ ፀጉሩን መዳበስ ይፈልጋል። ያመለጠውን ነው የሚቀበለው።

የሚከተሉት መንገድ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዳን ሂዩዝ ያዳበረው ነው። መሠረቱ እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ስለ ልጅና ስለ አሳዳጊው ትስስር ያስተማረው ትምህርት ነው። እኔ ደስ የሚለኝ ወላጅ ደጅ ቁጭ ብሎ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። መጀመሪያ እኛን ብቻችንን ያነጋግሩናል። ከዚያ ልጁ ይገባል፤ እኛም ከጎኑ እንቀመጣለን። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ልጁ ማመን ያለበት እሳቸውን ሳይሆን እቤት ያሉትን ሰዎች ነው። አራት ነገር ይዘን እንድንቀርበው አስተማሩን፦ ጨዋታ፣ ስሜቱን እንዳለ መቀበል፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ከልብ መጓጓት፣ ሐዘኑን አብሮ ማዘን። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። «አንቺ እናቴ አይደለሽም» እየተባለ ግን ልምምድ ይጠይቃል። እሳቸው ፊት ለፊታችን እያሳዩ ነው ያለማመዱን።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ራሴ ነው። አበላለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ውስጤ ግን ደንዝዟል። ድምፁን ስሰማ ሰውነቴ ይኮማተራል። ይህን ለማን ይናገሩታል? በገዛ ፈቃዳችን የገባንበት ነገር ነው። ባለሙያዋ እኔ ሳልናገር ጠየቁኝ፦ «እሱን ማየት የሚከብድሽ ሰዓት አለ?» አለቀስኩ። ዝም ብለው ጠበቁኝ። ከዚያ ሂዩዝ እና ጆናታን ቤይሊን የተባሉ ባለሙያ አብረው ያስረዱትን ነገሩኝ። የሚሰጠው ፍቅር በተደጋጋሚ የሚገፋበት ወላጅ አእምሮው ራሱን መከላከል ይጀምራል። ግዴታው ይቀራል፤ ደስታው ይጠፋል። ፍቅር አልቆ አይደለም፤ ተዘግቶ ነው። ይመለሳልም። የሚመልሰው ግን ተግሣጽ ሳይሆን ዕረፍት እና የሚሰማ ሰው ነው።

በምክር ብቻ አላለፉኝም። ከጉዲፈቻ በኋላ ወላጆችን ድብርት ሊይዝ እንደሚችል፣ አባቶችንም እንደማይምር አስረዱን፤ ሐኪም እንዳይም ላኩኝ። ባለቤቴ እና እህቴ በየሳምንቱ የትኛውን ሰዓት እንደሚይዙልኝ ከነሱ ጋር ተቀምጠው ወሰኑ። የወለድናት ልጃችንንም አልረሷትም። «ለእኔስ ጊዜ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄዋ እንዲሰማ የራሷን ቀጠሮ ሰጧት።

ስለ ወላጅ እናቱ እቤት በግልጽ ማውራት የቻልነው በእሳቸው እርዳታ ነው። ልጁ እኛን ከወደደ እሷን የከዳ ይመስለው ነበር። ሁለቱንም መውደድ እንደሚችል ከእኛ አፍ መስማት ነበረበት። የሕይወቱን ታሪክ በደብተር እንዲሠራ ረዱት፤ የት የት እንደኖረ፣ ማን ማን እንዳሳደገው፣ ለምን እንደተለየ። አልዋሹለትም። ለዕድሜው በሚመጥን ቋንቋ እውነቱን አሉት። ለብዙ ጊዜ እናቱን ያጣት በራሱ ጥፋት ይመስለው እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። ይህን ይዞ ስንት ሌሊት እንዳደረ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ለመምህሩም ደብዳቤ ጻፉ። የሕፃንነት ፎቶ አምጡ፣ የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ የሚባሉ የቤት ሥራዎች እንዲህ ላለ ልጅ ፈተና ናቸው። አደጋ እየጠበቀ የሚኖር ልጅ ደግሞ ትኩረት የማጣት ችግር ያለበት ይመስላል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ስለዚህ ራሳቸው የበሽታ ስም ሳይለጥፉበት ለልጆች የሥነ አእምሮ ሐኪም አሳዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ትስስር እንፈጥራለን እያሉ ልጅን በጉልበት የሚይዙ፣ የሚጫኑ፣ በግድ ዓይን ለዓይን የሚያስተያዩ አሉ። ከእነሱ ራቁ። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 አንዲት የ10 ዓመት የጉዲፈቻ ልጅ «ዳግም መወለድ» በተባለ እንዲህ ባለ ድርጊት ታፍና ሞታለች። በቀጣዩ ዓመት ግዛቲቱ ድርጊቱን በሕግ ከለከለች። የእኛ ባለሙያ ልጁን ሳያስፈቅዱ ትከሻውን እንኳ ነክተውት አያውቁም።

ባለሙያ ስትመርጡ በስልክም ቢሆን ጠይቁ። ከአደራ ቤተሰብ ከመጡ ልጆች ጋር ሠርተው ያውቃሉ? ወላጅ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣል? ስለ ልጁ የቀድሞ ቤተሰብ ምን ይላሉ? መጥፎ ጠባዩን በሽልማት እና በቅጣት ብቻ አስተካክላለሁ የሚል፣ ወይም በአጭር ጊዜ እንደሚቀየር ቃል የሚገባ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ባለሙያችን በመጀመሪያው ቀን ያሉን ተቃራኒውን ነው፤ ይረዝማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ተመልሷልም። በልደቱ ሰሞን እስካሁን ይከብደዋል። እኛ ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አስቀድመን እንዘጋጃለን፣ እሱም «ያ ሰሞን መጣ» ይለናል።

እናመሰግንዎታለን። ባለቤቴም፣ ልጆቼም፣ እኔም።

ልታገኟቸው የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ችግር እስኪመጣ አትጠብቁ። ልጁ ገና ሳይመጣም ወላጆችን ብቻ ይቀበላሉ፤ ከቻላችሁ ያኔ ጀምሩ።