«በዛው» የሚለውን ቃል ያገደችልን ልጅ

ይህን የምጽፈው አንዲት የሰፈራችንን ልጅ ለማመስገንና ለሌሎች እድሮች ለመጠቆም ነው። ስሟን አልጠራም። «ጋሼ፣ ስሜን ከጻፉት ከእድሩ እወጣለሁ» ብላ አስፈራርታኛለች። የእድር ፀሐፊ ደግሞ አባል ሲወጣበት አይወድም።

እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ያለ እድር ፀሐፊ ነኝ። ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ይቀጣል፣ ይህን አውቃለሁ። ቤት ማሳደስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ያወቅነው በ2015 ክረምት ሲሆን ያወቅነውም አፍረን ነው።

ያኔ የአንዲት አቅመ ደካማ እናታችንን ቤት ልናድስ ተነሳን። ገንዘቡ ተዋጣ፣ ጉልበትም ሞልቶ ነበር። አንዱ አባል ቆርቆሮ የሚሸጥ ዘመድ ስላለው መጀመሪያ ቆርቆሮ ተገዛ። እንጨቱ ሳይመጣ አሮጌው ጣሪያ ወረደ። እንጨቱ ሲመጣ ጭቃው አልቦካም። ጭቃው ሲቦካ ሰኔ ገብቷል። ጣሪያ የሌለውን ግድግዳ መረግነው፣ ሌሊቱን ዝናብ አጥቦ አሳደረው። እማማ አራት ወር ሙሉ ጎረቤት ቤት ተጠግተው ከረሙ። በየወሩ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ አሁንም አለ።

በ2017 ከፋሲካ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሰብሳቢያችን ዘንድሮ ሦስት ቤት እናድስ አሉ። አጨበጨብን። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። እናቷን እግራቸውን ስለሚያማቸው የወር መዋጮ ልትከፍልላቸው የመጣች ናት። እዚሁ ያደገች፣ አሁን አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ በፕሮጀክት ማኔጅመንት የምትሠራ። «አለቀ የምንለው ምን ሲሆን ነው?» ብላ ጠየቀች።

አንዱ «ሲያልቅ ነዋ!» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ በረድ ሲል መልሳ ጠየቀች። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ባለቤቶቹ እቃቸውን መልሰው አስገብተው፣ በራቸውን በራሳቸው ቁልፍ ሲቆልፉ ያኔ አለቀ። የ2015ቱ ቤት በዚህ ሂሳብ መች እንዳለቀ ሳሰላው አንገቴን ደፋሁ።

በሳምንቱ ትልልቅ ወረቀት ይዛ መጥታ ድንኳንና ብረት ድስት የምናስቀምጥበት እቃ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ወደ ታች ሥራዎቹ፣ ወደ ጎን ቅዳሜዎቹ። ጋንት ቻርት ይባላል አለችን። ሄንሪ ጋንት የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከመቶ ዓመት በፊት ያስለመደው ነገር ነው። በየሥራው ፊት አንድ ስም ብቻ አስጻፈች። «ሁለት ሰው ከሆነ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይመሻል» አለች። ምሳውም፣ ውሃ ቀጂውም፣ ከአስፋልቱ ዳር ቁልቁለቱን እንጨት የሚሸከመውም ተጻፈ። መኪና እኛ ሰፈር ውስጥ አይገባም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በትከሻ ነው። ሁለቱ ቤቶች የቀበሌ ስለሆኑ የወረዳው ፈቃድ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሰፈረ። ከዚህ በፊት ፈቃዱ ትዝ የሚለን እንጨት ካራገፍን በኋላ ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ጭቃ ቤት ምንም እንደማታውቅ ፊት ለፊት ተናገረች። ከዚያ የሰፈራችንን አናጢ፣ አባባን፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ጠየቀቻቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ስንት ቀን ይቡካ? ሳምንት ቢያድር መልካም ነው አሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው ይደረባል? ኧረ አይደረብም፣ ይረግፋል። ቆርቆሮው የሚመታው መች ነው? ከጭቃው በፊት፣ ከቋሚና ማገሩ በኋላ። እሷ ትጽፋለች። ሲጨርሱ ወረቀቱን በቀይ እስክርቢቶ ከጫፍ ጫፍ አሰመረችበት። «ቀዩ መስመር ላይ አንድ ቀን ከዘገየን ሁሉም ነገር አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላው ትንሽ ቢዘገይ ግን ችግር የለም» አለች። ክሪቲካል ፓዝ ይሉታል። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ ዱፖንት የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካዎቹን ለመገንባትና ለመጠገን ያወጣው ዘዴ ነው አሉ። አባባ ወረቀቱን አይተው «እኔ የነገርኩሽን ነው እኮ የጻፍሽው» አሏት። «አዎ አባባ፣ እስካሁን የጻፈው ግን አልነበረም» አለቻቸው። ይህቺ ወደ እኔ የተወረወረች ናት፣ ገብታኛለች።

በዚህ መሠረት የጭቃው ጉድጓድ የተቆፈረው እንጨት ሳይገዛ ነው። ሰው ሁሉ ግራ ገባው። ባዶ ግቢ ውስጥ ጭቃ ይቦካል!

የጊዜ ሰሌዳው ከግንቦት 9 እስከ ሰኔ 28 ስምንት ቅዳሜ ነበር። ግንቦት 30 የአረፋ ማግስት ስለሆነ ቀላል ሥራ ብቻ መደበችለት። ሰኔ 21 ማርያም ናት፣ ባዶ ተተወች። ሰኔ 28ንም ባዶ አደረገቻት። ለምን ብንላት «ለማናውቀው ነገር» አለች። ቅዳሜ እንዴት በከንቱ ይባክናል ብለን አጉረመረምን።

አሁን ወደ «በዛው» ልምጣ። ሥራው እንደተጀመረ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። «በዛው የኔንም አጥር ብታቃኑልኝ።» «በዛው ኩሽናዋን ጠጋ አድርጉልኝ።» የእድራችን አመራር ሳይቀር «በዛው የእቃ ቤቱን በር» አለ። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ ጎረቤት ነን። እሷ እምቢ አላለችም። ሌላ ወረቀት ለጥፋ «የበዛው መዝገብ» የሚል ርዕስ ሰጠችው። የጠየቀ ሁሉ ይመዘገባል። ሦስቱ ቤቶች ካለቁ በኋላ በተራ ይታያል። እስከዚያ ግን ሥራው ቦታ ላይ «በዛው» ያለ ሰው አንድ ጀሪካን ውሃ ይቀዳል። ቅጣት እድርተኛ የሚገባው ቋንቋ ስለሆነ ማንም አልተቀየመም። ሰብሳቢያችን ራሳቸው ሁለት ጀሪካን ቀድተዋል።

እሷም ግን ተሳስታለች፣ ልንገራችሁ። ግንቦት 23 ጠዋት ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ሥራው ቦታ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ሐሙስ አንድ አባላችን አርፈው ሁላችንም ለቅሶ ቤት ነበርን። የስጋት ዝርዝሯ ላይ ዝናብ ነበር፣ የእንጨት ዋጋ ነበር፣ ለቅሶ ግን አልነበረም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠች። ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ይሄን እኔ ማሰብ ነበረብኝ» አለችኝ። አጠገባችን የነበሩት ሰብሳቢያችን ሰሟት። «ልጄ፣ እድር ማለት ሞትን በፕላን የያዘ ማኅበር ነው። እኛ ነን ልንነግርሽ የሚገባን» አሏት። በሦስተኛው ቀን ወረቀቷ ላይ «ለቅሶ» የሚል መስመር ተጨመረ።

ያቺ የጠፋች ቅዳሜ ሁሉንም ወደፊት ገፋችው። ሰኔ 14 ያልቃል የተባለው ሥራ ሰኔ 28 ላይ አረፈ። ባዶዋ ቅዳሜ ያን ጊዜ ደረሰችልን። ዝናቡ ቀድሞን ወርዶ ነበር፣ ነገር ግን ቆርቆሮው ተመትቶ ስለነበር ግድግዳው ውስጥ ውስጡን ደረቀ። የሰኔ ጾም ስለነበር ክክ ወጥ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሦስቱም ባለቤቶች በራቸውን በተራ ሲቆልፉ ቆመን አየን። አንደኛዋ እማማ ቆልፈው፣ ከፍተው፣ መልሰው ቆለፉ።

ልጅቷ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ባለሙያዎች የሚፈተኑትን፣ ፒኤምፒ የሚባለውን ፈተና ያለፈች ናት። እሷ ስትፈተን 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። አባባ ይህን ሲሰሙ «ለጭቃ 180 ጥያቄ!» ብለው እስከ ዛሬ ይስቃሉ።

እንግዲህ ጥቆማዬ። እድር፣ ማኅበር፣ የወላጅ ኮሚቴ ያላችሁና ሥራ የተጓተተባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ክፍያ አትቀበልም። ብር አትይዝም፣ ደረሰኝም አትፈርምም፣ «ገንዘቡ የገንዘብ ያዥ ነው» ትላለች። ሰው አትመራም፣ ከእናንተው አንድ ወሳኝ ሰው መርጣችሁ ጠብቋት። ለክፉም ለደጉም ልንገራችሁ፣ ትጨቀጭቃለች። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ ምስማሩ መጣ?» ብላ ትደውላለች።

በሥራ ምክንያት የምትገኘው ቅዳሜ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ብቻ ነው። 8 ከ10 ከደረሳችሁ ግን እኔ የለሁበትም።