«ዶሮህ ጮኸ»፦ የእማዬ ስማርት የክኒን ሳጥን

ለእናት ለአባታችሁ ይሄን ዕቃ ልግዛ አልግዛ እያላችሁ ከሆነ የኛን ጉድ ስሙ። እማዬ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በወር አንዴ ከሄድኩ ትልቅ ነገር ነው። ስኳርም ግፊትም አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ለግፊቱ አምሎዲፒን በቀን አንዴ። ፋርማሲው ቆጥሮ በትንንሽ ፖስታ ይሰጣታል፣ እሷ ደግሞ ፖስታዎቹን ሁሉ አንድ ላይ በጨርቅ ትቋጥራቸዋለች፣ ከዚያ በኋላ የቱ የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሳጥኑን ይዞልኝ መጣ። 14 ክፍል አለው፣ ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ። ሰዓቱ ሲደርስ የዚያ ክፍል መብራት ይበራና ይጮሃል። ክዳኑ እስኪከፈት ዝም አይልም። መከፈቱን ይመዘግብና በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። የእማዬ ስልክ ባለ ቁልፍ ስለሆነ አብሯት በሚኖረው በእህቴ ልጅ ስልክ ላይ አፑን ጫንነው፣ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ አያለሁ።

ጩኸቱ እውነትም ጩኸት ነው። በዚያ ብርድ ሁለት ጋቢ ደርባ ተኝታም ትሰማዋለች። «ዶሮህ ጮኸ» ነው የምትለኝ። ቻርጁም ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚቆይ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። ክዳኑ ግን ጠንካራ ነው፣ ጣቷ ለሚያማት ሴት አልታሰበበትም። በቢላ ጫፍ ነው የምትከፍተው።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ። የጠዋቱን በ2 ሰዓት ስሞላላት ሳጥኑ ላይ 8፡00 ይላል። እሷ ቁጥር ታነባለች፣ ስለዚህ «ገና ስምንት ሰዓት መች ደረሰና!» ብላ ተቆጣች። እሺ ብዬ በእጄ በኛ አቆጣጠር አስተካከልኩት። ማታውን ከስልኩ ጋር ሲገናኝ ራሱ መለሰው፣ እንደገና አስተካከልኩ፣ እንደገና መለሰው። በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበትና ተገላገልኩ።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስልኬ ላይ በየቀኑ አረንጓዴ ምልክት ነው። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ምልክቱ አሁንም አረንጓዴ ነው፣ አንድም ቀን አልተዘለለም። ሐኪም ቤት ስወስዳት ግን ግፊቷ ሰማይ ወጥቷል። ቤት ተመልሰን እቃ ሳነሳ ከመሶቡ ሥር አንድ ቋጠሮ አገኘሁ። 19 ቀን ጠዋት ጠዋት ያወጣቻቸው ክኒኖች።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ዶሮህ ሲጮህብኝ አወጣዋለሁ። ሐኪሙ በባዶ ሆድ አትውሰጂ ብሏል፣ እኔ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?»

«የንስሐ አባትሽ በሽተኛ ነሽ፣ ብዪ ብለውሽ የለ?»

«እሳቸው ፈቀዱ። እኔ አልፈቀድኩም።»

እንግዲህ ሳጥኑ የሚያውቀው ክዳን መከፈቱን ነው፣ መዋጡን አይደለም። ይሄ የኔው ሳጥን ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሕንድ አገር ለቲቢ በሽተኞች ከክኒኑ ጀርባ ስልክ ቁጥር የሚደብቅ እሽግ ሥራ ላይ ውሏል፣ ክኒኑ ሲወጣ ቁጥሩ ይታያል፣ በሽተኛው በነፃ ይደውላል፣ ወሰደ ተብሎ ይቆጠርለታል። እማዬ ብትሆን ደውላ ክኒኑን ትቋጥረው ነበር። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ሆድ ውስጥ ገብቶ ምልክት የሚልክ ክኒን ፈቅደዋል። ይሄንን ስነግራት አማተበች።

ሐኪሟ ጋር ተመልሰን ሄድን። አምሎዲፒን ምግብ አይፈልግም፣ በማንኛውም ሰዓት ይወሰዳል፣ ስለዚህ ወደ ማታ አዞረላት። ሜትፎርሚኑን ከምትበላባቸው ሰዓቶች ጋር አገናኘው። ዶሮውም አሁን የሚጮኸው ከቀኑ 9 ሰዓትና ማታ ነው። ቀጣዩ ልኬት ደህና ነበር። (ሰዓት በራሳችሁ እንዳትቀያይሩ፣ ሁሉም መድኃኒት እንደ አምሎዲፒን አይደለም።)

ስለዚህ ሰውየው የሚረሳ ከሆነ ግዙ፣ ይጠቅማል። እማዬም የማታውን ድሮ ትረሳው ነበር፣ አሁን አትረሳም። እያወቀ የሚተው ከሆነ ግን መጀመሪያ ለምን እንደሚተው ጠይቁት፣ እኔ ሦስት ወር አረንጓዴ ምልክት ሳይ አልጠየቅኳትም። ሌላም ነገር አለ፣ አንዳንድ ክኒን ከእሽጉ ወጥቶ እርጥበት ሲነካው ይበላሻል፣ ሳጥኑን ከመሙላታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ከአምስት ሦስት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለሰዓቱ ነው፣ አንዱን ለክዳኑ። ለመሶቡ አልቀነስኩበትም።