ቤታችን መጥታ ልጆቹን እሳተ ገሞራ ላሠራችልን መምህርት

ልጆቻችሁ ሳይንስ እንዲወዱ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ይህችን መምህርት ያዟት! ማስታወቂያ እንዳይመስላችሁ፤ ከልብ የመነጨ ምስጋና ነው።

ከእሷ በፊት አንጀታችን አርሯል። «በተግባር እናስተምራለን» ብለው ገንዘባችንን የተቀበሉ ነበሩ። ልጆቹን ደርድረው አስቀመጡና አስተማሪው አቼቶውን ራሱ አፈሰሰ፣ ራሱ አጨበጨበ፣ «አትንኩ!» እያለ ሰዓቱን ጨረሰ። ሌላ ቦታ ደግሞ አስተማሪዋ ከስልኳ ቀና ሳትል የመሄጃ ሰዓት ደረሰ። ልጄ «እማዬ፣ ሳይንስ ማለት ቁጭ ብሎ ማየት ነው እንዴ?» ያለኝ ያኔ ነው። እስካሁን ያናድደኛል።

ይህችኛዋ ይዛ የመጣችው ጭቃ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አቼቶ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ቀይ ቀለም ነው። ለሁሉም የዓይን መከላከያ መነጽር አደለችና እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። ሥራው የልጆቹ ሆነ። ሶዳውና አቼቶው ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ሳሙናው ጋዙን ይዞ አረፋ ያደርገዋል አለች። ከዚያ ያለፈውን ልጆቹን ጠይቋቸው፤ እኔ አልገባኝም።

የሌሎቹ ተራራ በአናቱ ሲገነፍል የትንሹ ልጄ ግን ጎኑ ተሰንጥቆ አረፋው በዚያ ወጣ። ልጆቹ ሳቁበት። ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መምህርቷ አጠገቡ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለችና «ቆይ፣ ማንም እንዳይነካው! ይሄ እኮ ሴንት ሄለንስ ነው» አለች። አሜሪካ ያለ ተራራ ነው አሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. የቀለጠው አለት ከውስጥ እየገፋ የሰሜን ጎኑን አሳበጠው፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ ያ ጎን ተናደና ፍንዳታው ወደ ጎን ወጣ። ይህን ሲሰሙ ሲስቁ የነበሩት ሁሉ የየራሳቸውን ተራራ ጎን መሰንጠቅ ጀመሩ! የልጄን ፊት ባያችሁት። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

ደግሞ አትዋሽም። አንዷ ልጅ አረፋውን ነክታ «ይቀዘቅዛል!» ስትል «ጎበዝ! የእውነተኛው ላቫ ሙቀት ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ አቼቶም የለበትም። የሚመሳሰሉት ጋዝ ስለሚገፋቸው ነው» አለቻት። ተራራው ውስጥ ከቀለጠው አለት ጋር ካለው ጋዝ አብዛኛው የውሃ ትነት መሆኑን እኔም ያን ቀን ሰማሁ።

ስልኳን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያዝባት አትዘግዩ፣ ደውሉላት! ምንጣፋችሁን ግን አስቀድማችሁ አንሡ፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ።