ባልሳ አውሮፕላን ለማልበስ፦ ኦራኮቨር ይሻላል ወይስ ስም የለሹ ፊልም?

ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት የሚሠራ የሞዴል አውሮፕላን ኪት (ለመገጣጠም የተዘጋጀ ዕቃ) ሲያልቅ በካውያ የሚለጠፍ ስስ የላስቲክ ፊልም ይለብሳል። ኪት ገጣጥሞ የጨረሰ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ሜትሩ በ4 ዶላር የሚገኝ ፊልም እያለ ለኦራኮቨር ጥቅል ከ20 ዶላር በላይ ምን አስወጣኝ?»

ዋጋ ከማማረጣችሁ በፊት ስሙን እወቁት። ጀርመን ሠራሹ ኦራኮቨር አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አልትራኮት በሚል ስም ነው። ሁለት የተለያየ ዕቃ መስሎት ሲያወዳድር የሚውል አለ።

ሂሳቡን በሲግ ካዴት ኤልቲ-40 እንሥራው፤ ለጀማሪ ከሚመረጡት አንዱ ነው። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 178 ሴንቲ፣ ወርዱ 33 ሴንቲ ገደማ ነው። ላይና ታቹ ሲደመር 1.17 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 60 ሴንቲ በ2 ሜትር የሆነው ጥቅል ደግሞ 1.2 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንዱ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ክንፉ የሚለብሰው በአራት ቁራጭ ነው (ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች)፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ይዞ ለመጎተት የሚተርፍ ጠርዝ ሲጨመርበት 95 በ38 ሴንቲ ይሆናል፤ ከ60 ሴንቲ ወርድ ደግሞ ሁለት 38 አይወጣም። ስለዚህ ለክንፉ 2 ጥቅል፣ ለሰውነቱና ለጭራው 1 ያዙ። የሚተርፈውን 22 ሴንቲ ጥብጣብ አትጣሉት፤ ለጥገና ይሆናል።

ጥቅሉን በ22 ዶላር ብንይዘው ኦራኮቨር 66 ዶላር ይፈጃል። ስም የለሹ 6 ሜትር በ24 ዶላር ያልቃል። ግን በ6 አይቆምም፤ የሚበላሸውን አስባችሁ 9 ሜትር ብትገዙ 36 ዶላር ነው። እንግዲህ ልዩነቱ 30 ዶላር ነው፤ ለዚህ ክንፍ ማጣመም አያዋጣም።

የሚጣመመው በሙቀቱ የተነሳ ነው። ኦራኮቨር 100 ዲግሪ አካባቢ ይያያዛል፣ 150 አካባቢ ይሳባል (ተኮማትሮ ይወጠራል)። በመካከሉ 50 ዲግሪ የመሥሪያ ቦታ አለ፦ ጠርዙን አያይዛችሁ፣ ካልወደዳችሁት አንስታችሁ እንደገና ትጎትቱታላችሁ። ስም የለሹ ብዙ ጊዜ የሚያያዘውና የሚሳበው በተቀራረበ ሙቀት ነው። አንዱን ጠርዝ ስታያይዙ ሌላው ሳይዝ መኮማተር ይጀምራል። ላንሳው ብትሉ ቀለሙ እንጨቱ ላይ ይቀርና ባዶ ላስቲክ እጃችሁ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ የቀረውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው፤ ባልሳውም አብሮ ይሳሳል።

የትኛውንም ብትመርጡ ከታች በኩል ጀምሩ። መጀመሪያ መሐሉንና ጫፉን፣ ቀጥሎ የፊትና የኋላ ጠርዙን ያዙ። የላይኛው ቁራጭ የታችኛውን 6 ሚሊ ያህል ይደርብ። ከመሳባችሁ በፊት ሁለቱም ጎን ለብሶ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ከላይ ጥቂት፣ ከታች ጥቂት እያላችሁ በማፈራረቅ ሳቡት። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መሳብ ክንፉን እንደ ደረቀ ቆዳ ይጠመዝዘዋል። በባልሳ ሰሌዳ የተሸፈነው ቦታ ላይ አረፋ የሚነሳው አየሩ መውጫ ሲያጣ ነው፤ በመርፌ ወጋ አድርጋችሁ ካውያውን ከመሐል ወደ ዳር ግፉት። ጥቁርና ቀይ ፊልም ላይ ደግሞ ያልተጠረገች የእንጨት ብናኝ ሁሉ እንደ ብጉር ትታያለች።

ሞኖኮት የሚባለው ሌላው ፊልምስ? ጠንካራና አንጸባራቂ ነው፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ያምራል። የክንፍ ጫፍ ዙሪያ ላይ ግን ያስለቅሳል፤ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም።

ሌላው አማራጭ ስስ ወረቀትና ዶፕ (ወረቀቱን የሚወጥርና የሚያጠነክር ላክ መሰል ፈሳሽ) ነው። ክንፉ ከአንድ ሜትር ለሚያንስ ስስ አውሮፕላን ጥሩ ነው፤ መደበኛው ፊልም ሲሳብ ቀጫጭኖቹን ጎድኖች ያጎብጣል። ነገር ግን ገለባ ላይ ሲያርፍ ይቀደዳል፣ ናይትሬት የሚባለውን ዶፕ ደግሞ የናይትሮ ሞተር ነዳጅ ያሟሟዋል። አዲስ አበባ ሆኖ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ይህንንም ይወቅ፦ ዶፕ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። የፊልም ጥቅል ይገባል።

ገንዘቡ በትክክል የሚመለሰው በጥገና ነው። ኦራኮቨር ሲቀደድ ዙሪያውን በአልኮል ጠርጉ፣ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ የሚበልጥ ቁራጭ ቁረጡ፣ ማዕዘኑን አክብቡት (ሹል ማዕዘን ቶሎ ይላቀቃል)፣ ከዚያ በ100 ዲግሪ ለጥፉት። ስም የለሹ ላይ በዚህ ሙቀት ማጣበቂያው አልይዝ ሊል ይችላል። ሙቀቱን ስትጨምሩ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ፊልም ይኮማተርና ቀዳዳው እንደ ዓይን ይገለጣል። በአንድ ጣት ቀዳዳ ሙሉ ክንፍ እንደገና ማልበስ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ለፊልም ሥራ የሚሸጠውን ካውያ በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ላይ ያለው ተራ ቁጥር እንጂ ዲግሪ አይደለም። ቁራጭ ባልሳ ላይ ሞክራችሁ የሚያያዝበትንና የሚሳብበትን ቁጥር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። በጨረር የሚለካው ቴርሞሜትር የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ አሳንሶ ያሳያል፤ ካልሲ የሚባለውን የካውያውን የጥጥ ልባስ አልብሳችሁ ለኩ። ደግሞም አሜሪካ የሚሸጠው ካውያ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አዲስ አበባ 220 ላይ በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ፊልሙን ከአሜሪካ፣ ካውያውን 220 ካለበት አገር አስመጡ። እንፋሎት የማይተፋ ትንሽ የልብስ ካውያ ካላችሁ ግን እሱም ይሠራል፣ የካውያውን ዋጋ ለአራተኛ ጥቅል አውሉት።