ሃዊኩ ወይስ ኤል ሞሮ?

የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት የዙኒዎች ቅድመ አያቶች የኖሩበትን የኒው ሜክሲኮ ምድር ለማየት አንድ ቀን ብቻ ላለው ኤል ሞሮ የተባለው የአለት ገደል ይቀላል። መግቢያው ነፃ ነው። ገደሉ አናት ላይ 875 ያህል ክፍሎች የነበሩት የአትሲና መንደር ፍርስራሽ አለ፤ ከታች አለቱ ላይ ከጥንቶቹ ሥዕሎች ጋር ስፔናዊው ኦኛቴ እ.ኤ.አ. በ1605 የቀረጸው ጽሑፍ ይታያል። (“እዚህ ነበርኩ” ማለት የቆየ አመል ነው!)

ጥንታዊው የዙኒ መንደር ሃዊኩ ግን ያለ ዙኒ አስጎብኚ አይኬድም። ለዓይን ከፍርስራሽ ድንጋይ ብዙም የሚያልፍ ነገር የለውም። ግን እ.ኤ.አ. በ1540 ስፔናዊው የጦር መሪ ኮሮናዶ ወርቅ አገኛለሁ ብሎ በጦር የያዘው መንደር ይኸው ነው፤ የተራበው ሠራዊቱ ያገኘው በቆሎ ሆነ እንጂ። ይህን ከባለታሪኮቹ አንደበት መስማት ስለሚበልጥብኝ እኔ ሃዊኩን እመርጣለሁ። ፈቃዱን ግን አስቀድመው ዙኒ ከተማ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል ይጠይቁ፤ ስለ ፎቶም እንዲሁ።