ፕላቲነም ወይስ ክሮሚየም? ካታሊስት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደሚሞት ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት ቂሊንጦ አንድ ቤተ ሙከራ ጎራ ብዬ ሁለት ፕሮፎርማ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁ። ሁለቱም ከፕሮፔን ጋዝ ሃይድሮጂን ነጥቆ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሆነውን ፕሮፒሊን ለሚሠራ ካታሊስት ነው፤ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳይበላ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው። አንዱ ፕላቲነም ቲን ከሚባል ሌላ ብረት ጋር፣ ሌላው ክሮሚየም ኦክሳይድ፤ ሁለቱም አሉሚና ላይ፣ ማለትም ቀዳዳ በበዛበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ላይ፣ የተጫኑ። ልጆቹ የሚያወዳድሩት የኪሎ ዋጋ ብቻ ነበር።

"ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?" አሉኝ።

እኔ የማየው አሟሟቱን ነው። ሥራው ከ550 እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይሄዳል። በዚህ ሙቀት ከጋዙ ጥቂቱ ጥቀርሻ ሆኖ ካታሊስቱ ላይ ይለጠፋል፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሌላው በሙቀት ማርጀት ነው። የፕላቲነሙ ቅንጣቶች ተጠጋግተው ይዋሃዳሉ፣ የአሉሚናው ውስጣዊ ገጽም እየጠበበ ይሄዳል። ምጣድ አስቡ። የቆሸሸ ምጣድ ይታሰሳል፤ ለተሰነጠቀ ግን ማሰስ ምን ይፈይድለታል?

ፕላቲነሙ ውድ ነው፤ ግን ከክብደቱ ብዙ ጊዜ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቲኑ ቅንጣቶቹን ለያይቶ ይይዛል፣ ጥቀርሻውንም ይቀንሳል። ጥቀርሻው በአየር ይቃጠላል። ከሁሉ የምወድለት ደግሞ የተዋሃዱት ቅንጣቶች በኦክስጅንና በክሎሪን ሲታከሙ መልሰው መበተናቸው ነው። ስለዚህ እርጅናው በከፊልም ቢሆን ይመለሳል። ኦሌፍሌክስ በሚባለው የፕላቲነም ዘዴ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ካታሊስቱ እየተዘዋወረ ይህን ሕክምና ሳያቋርጥ ያገኛል። እናንተ ግን ክሎሪን በደህና የምትይዙበት መስመር አላችሁ? ከሌላችሁ ይህ ጥቅም ለእናንተ የለም።

ክሮሚየሙ ረከስ ይላል፤ ጋዙ ፍጹም ንጹህ ባይሆንም ይችላል። ቶሎ ግን ይጠቁራል። ካቶፊን በሚባለው የክሮሚየም ዘዴ በሚሠሩ ፋብሪካዎች ጋዝ የሚያገኘው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ወዲያው አየር ይገባና ጥቀርሻው ይቃጠላል። የቃጠሎው ሙቀት አይባክንም፣ ሙቀት ለሚበላው ለዚያው ሥራ ይውላል። ይሄ ብልሃት ደስ ይለኛል። እርጅናው ግን መመለሻ የለውም፤ ክሮሚየሙ ቀስ በቀስ አሉሚናው ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

ደግሞ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ጥቀርሻው በአየር ሲቃጠል ክሮሚየሙ በከፊል ክሮሚየም ስድስት ወደሚባለው ዓይነት ይለወጣል፤ እሱ ካንሰር አምጪ ነው፣ በውኃም ይሟሟል። ከእኛ በታች የአቃቂ ወንዝ አለ፤ በውኃው ሰላጣና ጎመን ይለማል። ያለቀውን ካታሊስት በርሜል አሽጋችሁ የምታስቀምጡበት ቦታ ሳይኖራችሁ አትዘዙት።

የትኛውንም ብትገዙ ጥቀርሻ ስታቃጥሉ አትቸኩሉ። እኔ አንዴ አየሩን በአንድ ጊዜ ለቅቄው ሙቀቱ ተወነጨፈ፤ ጥቀርሻው ጠፋ፣ ካታሊስቱም አብሮ አረጀ። አሁን ናይትሮጅን ውስጥ 1 ወይም 2 በመቶ ኦክስጅን ይዤ ነው የምጀምረው። ለናይትሮጅን ሲሊንደር በጀት ያዙ።

ለልጆቹ ፕላቲነሙን መከርኳቸው። የእነሱ ሪአክተር፣ ጋዙ ከካታሊስቱ ጋር የሚገናኝበት ዕቃ፣ የሚይዘው አንድ ግራም ገደማ ነው፤ ለአንድ ግራም ብሎ ስለ ኪሎ ዋጋ መጨነቅ አያዋጣም። አጫጭር ዙሮችን፣ ማቃጠልና መመለስን ለማጥናት የሚፈልግ ግን ክሮሚየሙን ይያዝ፤ ለዚያ ይሻላል።

ፕሮፎርማዎቹን ግን ሳይፈርሙ መለሷቸው። ለሁለቱም ሻጮች አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ካታሊስቱ አዲስ ሳለ በግራም ስንት ካሬ ሜትር ገጽ አለው፣ ከተደጋጋሚ ቃጠሎ በኋላስ ስንት ይቀረዋል?