ቢኖ ለሽሮና ለምስር፦ ሆድ የሚነፋው ጥራጥሬው ነው ወይስ ቁሌቱ?

ቢኖ በአሜሪካ ፋርማሲዎችና ሱፐርማርኬቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን ነው። ሰው የሚገዛው ጥራጥሬ ሲበላ የሚመጣውን ጋዝና የሆድ መነፋት እንዲከላከልለት ነው። በዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ሽሮ፣ ምስርና ክክ ለሚበላ፣ ከዚያም ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በልቶ ቀበቶውን የሚያላላ፣ ማታም ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እንቅልፍ የሚያጣ አለ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ኪኒኑ የተሠራለትን ሥራ ይሠራል። ነገር ግን ከወጣችን ውስጥ የሚያውቀው ጥራጥሬውን ብቻ ነው፤ ቁሌቱን አያውቀውም። "ገዝቼው ምንም አልሠራልኝም" ለሚል ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

በባቄላ፣ በአተር፣ በሽምብራና በምስር ውስጥ ራፊኖስ፣ ስታኪዮስና ቨርባስኮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። የሰው ትንሹ አንጀት እነዚህን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፤ ከዚያ ጋዝ ይወጣል። እሳት ብዙም አይበግራቸውም፤ ሽሮ ግማሽ ቀን ሲንተከተክ ቢውል ስኳሩ እዚያው ነው። ቢኖ ውስጥ ያለው አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ከሻጋታ የሚወጣ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሰውነታችን የሌለውን መቁረጫ ከምግቡ ጋር አብሮ ያስገባል ማለት ነው።

መጠኑ ላይ መጨከን ያስፈልጋል። የኢንዛይሙ ጉልበት የሚለካው በሚሊግራም ሳይሆን በጋላክቶሲዴዝ ዩኒት ነው፤ ከጠርሙሱ ጀርባ ይጻፋል። ጥራጥሬ ሆዳቸውን በሚያውክባቸው፣ አንጀታቸው ስሱ በሆነ ሰዎች ላይ በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 300 ዩኒት ሲረዳ 150ው አልረዳም። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጤነኛ ሰዎችን 420 ግራም የተቀቀለ ባቄላ አብልቶ ነበር፤ ጋዙንም ስሜቱንም በግልጽ የቀነሰው 1200 ዩኒት ነው። እንግዲህ ኪኒን ለመቆጠብ ብሎ በግማሽ መውሰድ ገንዘብ ከማባከን አይለይም። ለአንድ ጭልፋ ምስር 300 ይበቃ ይሆናል፤ ሽሮ፣ ክክና ምስር ተደርድሮ ለቀረበ በያይነቱ ግን ያንሳል።

ሰዓቱም እንደ መጠኑ ነው። ኪኒኑ የሚዋጠው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ከተዋጠ ምግቡ ሳይደርስ ያልፋል፤ ሆዱ ከተነፋ በኋላ ከተዋጠ ደግሞ የሚቆረጠው ስኳር ትልቁ አንጀት ገብቷል። ረስተው መሀል ላይ ካስታወሱ ወዲያው ይዋጡት፤ ማዕዱ ከተነሳ በኋላ ግን ይተዉት። ፈጭቶ ድስት ውስጥ መጨመርም አይሆንም። ኢንዛይም ፕሮቲን ነውና በሙቀት ይሞታል። በሸክላ እየተንፈቀፈቀ የሚመጣ ተጋቢኖ ላይ ኪኒን ሰባብሮ መነስነስ ወጡን የሚጎዳው ባይሆንም ኪኒኑን ይገድለዋል።

አሁን ወደ ቁሌቱ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል ሌላ ስኳር አላቸው፤ ስንዴና ገብስም እንዲሁ። እርሱም ትልቁ አንጀት ደርሶ ይብላላል፤ አልፋ ጋላክቶሲዴዝ ግን አይነካውም። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ጥሩ ማሳያ ነው፦ ባቄላውን ኪኒኑ ያግዛል፣ ስንዴውን ይተወዋል። በውጭ አገር የሚሸጥ እንጀራም ብዙ ጊዜ ከጤፍ ጋር ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ "እንጀራ ነፋኝ" ከማለት በፊት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከጠርሙሱ በፊት ድስቱን መፈተሽ ይሻላል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር ክክ በዘይት፣ በዝንጅብል፣ በእርድና በጨው ብቻ ይሠራ፤ ሽንኩርት የሚባል አይግባበት። በርበሬም አይጨመር፣ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት ስለሚገባበት። በዚሁ ምክንያት ፈተናውን በሽሮ ማድረግ አያዋጣም፤ ዱቄቱ ውስጥ ቅመሙ አብሮ ተፈጭቷል። ምስሩን በሩዝ ወይም በንጹሕ ጤፍ እንጀራ ሁለት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት በልተው ሆድ የነፋበትን ሰዓት ይጻፉ። ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ደግሞ በአንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት የተቁላላ የድንችና የካሮት አልጫ፣ ያለ ምንም ጥራጥሬ፣ በዚያው መንገድ ይሞከር። ምስሩ ነፍቶ አልጫው ካልነፋ ቢኖ የእርስዎ ነው። አልጫው ብቻ ከነፋ ኪኒኑን መደርደሪያው ላይ ይተዉት። ሁለቱም ከነፉ ሽንኩርቱን ሳይቀንሱ ከኪኒኑ ብዙ አይጠብቁ።

ሰዓቱን መጻፍ የተባለው በምክንያት ነው። ከጥራጥሬም ሆነ ከሽንኩርት የሚመጣ ጋዝ በአብዛኛው ጥቂት ሰዓታት ይፈጅበታል። እጅ ሳይታጠቡ ገና ገበታው ላይ ሆድ ከተወጠረ አንድም ብዙ ተበልቷል፣ አንድም እየተጣደፉ ሲበሉ አየር ተውጧል፣ አንድም አምቦ ውሃ ወይም ለስላሳ ተጠጥቷል። "ያዋህደዋል" ተብሎ የሚጠጣ አምቦ ራሱ ጋዝ ይዞ ነው የሚገባው፤ ማግሳቱ ያንኑ ያስገባነውን መመለስ ነው።

ከኪኒኑ ይልቅ እኛ የምንወደው የወጥ ቤቱን ዘዴ ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ድፍን ባቄላና ሽምብራ አንድ ኩባያውን በአራት ኩባያ ውሃ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በመሀል ውሃውን መቀየር፣ በመጨረሻም መዘፍዘፊያውን ደፍቶ በአዲስ ውሃ መቀቀል። ስኳሮቹ በውሃ ስለሚሟሙ ከፊላቸው አብረው ይደፋሉ። በዘፈዘፉበት ውሃ መቀቀል ግን ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ክክና ምስርም ሁለት ሦስት ሰዓት ቢዘፈዘፉ ይጠቀማሉ። ከሁሉ የሚበልጠው በቆልት ነው፦ ባቄላው ሲበቅል እነዚሁን ስኳሮች ለራሱ ቀለብ ይበላቸዋል፤ እናቶቻችን ለጾም ባቄላ የሚያበቅሉት እንዲሁ በከንቱ አይመስለንም። ሽሮ ላይ ይህ አይቻልም፤ አንዴ ከተፈጨ ውሃው የሚደፋበት መንገድ የለም። ሽሮ የሚያስፈጩ ከሆነ ጥራጥሬውን አሳድረው ዘፍዝፈው፣ አድርቀውና አምሰው ወደ ወፍጮ ቤት ይላኩት።

ለሽንኩርቱም መላ አለው። ፍሩክታን በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም። የነጭ ሽንኩርት ፍንካቾችን በዘይት በለስላሳ እሳት አቁላልቶ ማውጣት፣ ከዚያ ወጡን በዚያ ዘይት መሥራት መዓዛውን ያስገኛል። ዘይቱን በዕለቱ ይጨርሱት፤ ውጭ ማሳደር ለመመረዝ ያጋልጣል።

ከቢኖ ጎን የሚደረደሩትን ባጭሩ። ሲሜቲኮን የጋዝ አረፋዎችን ሰብሮ ለመውጣት ያመቻቻል እንጂ ጋዝ እንዳይፈጠር አያደርግም። የከሰል እንክብል ጥቅሙ አጠራጣሪ ነው፤ ሌላ መድኃኒትንም መጥጦ ያስቀራል፣ በተለይ ዕለታዊ መድኃኒት ያለው ሰው ባይነካው ይሻላል። ነጭ አዝሙድና ዝንጅብል ሆድን ያሳርፋሉ፣ ስኳሩን ግን አይቆርጡም። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥ።

ቢኖን ለሻጋታ አለርጂ ያለበትና ጋላክቶሴሚያ (ሰውነት ጋላክቶስ የሚባለውን ስኳር መጠቀም የማይችልበት የዘር ሕመም) ያለበት ሰው መውሰድ የለበትም። የስኳር ሕመምተኛም ሐኪሙን ይጠይቅ፣ የተቆረጠው ስኳር ወደ ደም ይገባልና። በሚታኘክ ዓይነት ላይ ማኒቶል ወይም ሶርቢቶል የሚባሉ ማጣፈጫዎች ከተጻፉ ሌላ ይምረጡ፤ እነርሱም ይነፋሉ። ተመሳሳይ ኢንዛይም በእንክብል የሚገዛ ጿሚም ሽፋኑ ጄላቲን መሆን አለመሆኑን ይይ፤ ጄላቲን ከእንስሳ ነው። ክብደት እየቀነሰ፣ ደም እየታየ፣ ትውከት ወይም የማያባራ ተቅማጥ እያለ ሆድ የሚነፋ ከሆነ ግን ይህ የኪኒን ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ጃርዲያም እንዲሁ ሆድ ይነፋልና የሰገራ ምርመራ አይቅር።

ጾሙ ሲፈታም ነገሩ አያበቃም። የፋሲካ ዕለት ገበታው ላይ ጥራጥሬ የለም፣ ሆድ ግን ይነፋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 12 ግራም ያህል ላክቶስ የሚባል የወተት ስኳር አለው፤ ለእርሱ የሚሆነው ላክቴዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም ነው። ወተት ካልተጠጣ ደግሞ ዶሮ ወጡን ይመልከቱ፦ ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ቢኖም አይደርስበትም። ያን ዕለት የሚረዳው ከመረቁ ቀንሶ እንቁላሉንና ሥጋውን ማብዛት ነው።